ሰዓዳ የሰፋችው ቋንቋ

የልጄ ልጅ ሕሊና ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ሰሞኑን እኔ ዘንድ ናት። ባለፈው እሑድ ከሰዓት እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም ጠርዝ እቀለብሳለሁ፤ እሷ አልጋዬ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች። ድንገት ሳቀችና «እማማ፣ ቁጭ ብለው ቋንቋ የሚፈጥሩ ሰዎች እንዳሉ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። የት አገር የሚነገር ነው ብላት የትም አለችኝ። ቃሉን ራሳቸው ያወጡታል፣ ፊደሉን ራሳቸው ይቀርጹታል፣ አጻጻፉን ይደነግጉለታል። በዚህም ሳያበቁ «ጥንት ይህ ድምፅ እንዲህ ነበር፤ ሲወርድ ሲዋረድ እንዲህ ሆነ» እያሉ እርጅናውንም አብረው ይሠሩለታል አሉ። ወልዶ ወዲያው ሽበት ማብቀል ነው እንግዲህ። ሕሊና የሳቀችው እኔ የሚገባኝ ስላልመሰላት ነው። መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ «ይህንንማ ሰዓዳ ሠርታዋለች» አልኳት። «ሰዓዳ ደግሞ ማን ናት?» ስትለኝ ክፉኛ ቅር አለኝ። እዚህ ቤት የስንት የማይረባ ሰው ስም እየተነሣ ሲወደስ ይውላል፤ የሰዓዳን ስም ግን የገዛ የልጅ ልጄ አታውቀውም።

ያን ጊዜ ከተማችን አሰበ ተፈሪ ነበረች። አሁን ጭሮ ናት፤ የመኪና ረዳቶቹም «ጭሮ፣ ጭሮ» እያሉ ነው የሚጣሩት። እኔ ግን ሳላስበው አፌ ላይ የሚቀድመው አሰበ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሳምቡሳ በአሥር ሳንቲም የነበረበት ዘመን ነው፤ በስሙኒ ሁለት ሳምቡሳ በልተን በቀረችው አምስት ሳንቲም ከረሜላ እንገዛ ነበር። ለትምህርት ቤት ጥቁር ኮንጎ ጫማ ይገዛልናል፤ ፀሐይ ሲበረታበት እግር ይቀቅላል፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ በየርምጃው ይጮኻል። ለበዓል የናይለን ሻሽ ያሠረች ልጅ ሰፈሩን ሁሉ ታስቀና ነበር። ጎረምሶቹ አፍሯቸውን ጎፈር አድርገው፣ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሰው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ይደረደራሉ። ሻይ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ካሴት ያጫውታል፤ አንዱ ዘፈን ባማርኛ፣ ቀጣዩ በኦሮምኛ፣ ሦስተኛው በሱማሌኛ፤ ጎረምሶቹ ሦስቱንም አብረው ያንጎራጉራሉ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የስልክ ሽፋንና የቴሌቪዥን ሪሞት የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ በሩን ባጃጆች ዘግተውት ይውላሉ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን በረንዳው ይታየኛል።

ሰዓዳ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። አባቷ ከገለምሶ ወገን ጫት እያስመጡ መኪና ላይ የሚያስጭኑ ነጋዴ ነበሩ፤ የኔ አባት ደግሞ ልብስ ሰፊ። በሁለታችን ቤት መካከል ያለው አጥር ቁልቋል ነው፤ እሷ ወደኛ የምትገባበት ቀዳዳ እኔም ወደነሱ የምገባበት ነበር። ቀጭንና ረጅም፣ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ካረፈ ቶሎ የማይነሣ ልጅ ናት። በትምህርት ከኔ እምብዛም አትበልጥም ነበር፤ በሒሳብ እንዲያውም እኔ እሻል ነበር። ግን እኔ የተነገረኝን እንደተነገረኝ ስቀበል እሷ «እንዲህ ይሁን ያለው ማነው?» ትላለች። ፊደልን በዚህ ተራ የደረደረው ማነው? ውኃ ለምን ውኃ ተባለ? አስተማሪው መልስ ሲያጡ «ቁጭ በይ» ይሏታል። እሷም ቁጭ ትላለች፤ ጥያቄዋ ግን እንደቆመ ይቀራል።

ቋንቋ ወደ መፍጠሩ ያደረሰን የምሥጢር ችግር ነው። በኛ ከተማ ምሥጢር ማውራት ትልቅ ፈተና ነው። ባማርኛ ብታወሩ የሰዓዳ አባት ይሰማሉ፤ በኦሮምኛ ብታወሩ እናቴ ከናንተ አብልጣ ታውቀዋለች። ሱማሌኛ የሚሰማ ነጋዴ ከጎናችሁ አይጠፋም፤ በዐረብኛ እንዳትሞክሩ ቁርኣን ያልቀራ የሰፈር ልጅ የለም። በየቃሉ መካከል ድምፅ እየሰነቀሩ የሚነገረውን የወፍ ቋንቋ ደግሞ ሽንኩርት ቸርቻሪዎቹ ሳይቀሩ ያንበለብሉታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀርተን ሂርና ሠርግ ለማየት በወፍ ቋንቋ ተማከርን። ቤት ሳንደርስ የሁለታችንም እናቶች በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ሰዓዳ ተገርፋ፣ ዓይኗን ሳትጠርግ፣ በቁልቋሉ ቀዳዳ መጣችና «አስካለ፣ እኛ የምንፈልገው ሌባ በሩን የማያውቀው ቤት ነው። እንሥራ» አለችኝ። እኔ በማግሥቱ የምትረሳው መስሎኝ እሺ አልኳት።

አልረሳችውም። ሕጓ አንድ ነበር፦ የኛ ቃል በከተማችን የሚነገር የማንም ሰው ቃል መሆን የለበትም። ይህን እንዴት ታረጋግጣለች? ገበያ ታወጣዋለች። አዲስ ቃል በፈጠርን ቁጥር በገበያ ቀን እሷ ድንች ተራ ትቆማለች፣ እኔ ጨው ተራ እቆማለሁ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቃሉን ጮኽ ብላ ትጠራዋለች። ማንም ዞር ካላለ ቃሉ የኛ ሆነ። አንድ ሰው እንኳ አንገቱን ካዞረ ቃሉ ይጣላል፤ ምንም ያህል ብንወደው ምሕረት የለም። ለ«ውሸት» ያወጣናት ቆንጆ ቃል ነበረችን፤ ሰዓዳ ገና አንዴ ስትጠራት አንዲት የገጠር ሴት ቅርጫቷን ጥላ እየሮጠች መጣችና «የት አየሻት?» ብላ ክንዷን ያዘቻት። ለካ የጠፋች ፍየሏ ስም ኖሯል። ሰዓዳ አፍራ ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ ፍየሏ ስንት ዓመቷ እንደሆነና ስሙን ማን እንዳወጣላት ትጠይቃት ጀመር። «ነይ» ለማለት ያወጣነው ፔሎ የሚለው ቃል ግን በመጀመሪያው ቀን አለፈ። ሰዓዳ ከድንቹ ተራ «ፔሎ! ፔሎ!» እያለች ስትጣራ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ዞር ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት እስከ ዛሬ በምንም አላገኘሁትም። ቋንቋውንም በዚያው ስም ጠራነው።

ፊደሉ ደግሞ የሚጻፍ አልነበረም፤ የሚሰፋ ነበር። ወረቀት ይገኛል፣ ይነበባል፣ ያስገርፋል። የቀሚስ ጠርዝ ላይ ያለ ጥልፍ ግን ማን ይጠረጥራል? አባቴ ዘንድ ቁርጥራጭ ጨርቅና ክር ሞልቷል፤ እኔም ከሕፃንነቴ መርፌ ይዤ ያደግኩ ነኝ። ሰዓዳ ለያንዳንዱ ድምፅ አንድ የስፌት ዓይነት መደበችለት፤ ለአንዱ መስቀለኛ፣ ለአንዱ የዓሣ አጥንት የመሰለ፣ ለአንዱ ሰንሰለት። የኛ የሀገራችን ፊደል ካዕብ፣ ሣልስ እያለ መልኩን ይለዋውጥ የለ? እሷ ያንን በክር ቀለም አደረገችው። ቀይ አ፣ ቢጫ ኢ፣ ሰማያዊ ኤ፣ ጥቁር ኦ፣ አረንጓዴ ኡ። ሱቁ ውስጥ የነበረው የክር ቀለም አምስት ብቻ ስለነበረ ቋንቋችን አምስት ብቻ አናባቢ ኖሮት ቀረ። «ስድስተኛ ቀለም ሲመጣ እንጨምራለን» ትል ነበር፤ በኛ ዘመን ግን አልመጣም።

የእጅ ሥራ አስተማሪያችን ሰዓዳ መሃረብ ላይ የሰፋችውን ጥልፍ አይተው ወደዱት። የት ተማራችሁት ሲሉን ሰዓዳ ዓይኗን ሳታርገበግብ «የገለምሶ ጥልፍ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው መሃረቧን ወስደው ሰሌዳው ላይ ሰቀሉና ክፍሉ ሁሉ በትራስ ልብስ ላይ እንዲጠልፈው አዘዙ። መሃረቧ ላይ የተጻፈው «የመምህርቷ አረማመድ የዳክዬ ነው» የሚል ነበር። ወሩን ሙሉ ያ ሁሉ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይህንኑ ሲጠልፍ ከረመ። እኔ በሳቅ ልሞት ስደርስ ሰዓዳ በየዴስኩ እየዞረች፣ ስፌት ለሚሳሳቱት በትሕትና ታርምላቸዋለች። እንኳን ስፌት፣ ከአፌ አንዲት ድምፅ ስትዛባባት አንድ ቃል እያስደጋገመች ከሰዓቱን ሙሉ ታውለኝ ነበር። ከነዚያ የትራስ ልብሶች አንዱን ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅሶ ልደርስ የሄድኩበት ቤት አልጋ ላይ አየሁት። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቄን ስታገል ሰዎቹ በኀዘን የተንሰቀሰቅኩ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ።

ሕሊና የነገረችኝን የድምፅ መለዋወጥም ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት። አንድ ክረምት አረንጓዴ ክር ከገበያ ጠፋ። ባለሱቁን በየቀኑ ብንጠይቀው «ከድሬዳዋ አልመጣም» ነው መልሱ። ታዲያ ኡ ያለበትን ቃል በምን እንስፋ? ሰዓዳ ስትናደድ ከርማ በመጨረሻ ለጊዜው በጥቁር ይሰፋ ብላ ፈቀደች። በጥቁር የተሰፋውን ደግሞ እኛው ስናነበው ኦ እያልን እናነበዋለን፤ ያነበብነውን እንናገረዋለን። ክረምቱ አልፎ፣ አረንጓዴው ክር መጥቶ፣ ሰዓዳ እየዘለለች ገዝታ ስትመጣ የትኞቹ ቃላት ኡ እንደነበሩ ከሁለታችንም ጠፋ። ቁልቋሉ ሥር ተቀምጠን ብናስብ ብናስብ አልመጣልንም። እኔ ምን ችግር አለው ብዬ ነበር። እሷ ግን ክሩን በጣቷ እየጠቀለለች «ማንም ሳያዘው በራሱ ሄደ እኮ። እንደ እውነተኛ ቋንቋ» አለች። በፊቷ ላይ ኀዘንም ደስታም ነበረበት። ይህች ልጅ ከኔ ጋር እኩል ሳምቡሳ የምትበላ፣ እኩል የምትገረፍ ልጅ እንደሆነች ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራጠርኩት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ዕድሜያችን ደረሰና ሰዓዳ ተዳረች። ባሏ ኢብሮ የገለምሶ ልጅ፣ ጫት በመኪና እየጫነ ከከተማ ከተማ የሚዞር፣ ሳቂታና ደግ ሰው ነው። ሠርጓ ላይ ሸጎዬ ሲጨፈር እኔም ከሴቶቹ መካከል ገብቼ ትከሻዬን ሳወዛውዝ አመሸሁ፤ ማልቀሴን ግን ማንም አላየም። እኔ አባቴ ዘንድ ስፌቱን ያዝኩ። ሾፌር በተገኘ ቁጥር ጠርዙ የተጠለፈ መሃረብ እንላላክ ነበር። ሴት ልጅ መውለዷን፣ ስሟም ሙና መሆኑን ያወቅሁት በአረንጓዴና በቀይ ክር ነው። የዛሬ ልጆች በስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ ያወራሉ፤ እኛ አንዲት ዜና ለመስማት ጫት የጫነ መኪና ደርሶ እስኪመለስ እንጠብቅ ነበር።

ሙና ሁለት ዓመት አልፏት ይሆናል፣ አንድ ሾፌር ሱቃችን በር ላይ ቆመና ድምፁን ቀንሶ «ኢብሮ ድረሽልኝ ብሎሻል። ሰዓዳን ጂኒ ይዟታል እየተባለ ነው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ኢብሮ ሥራው መንገድ ላይ ነው፤ ሰዓዳ ቀኑን ሙሉ ከልጇ ጋር ብቻዋን ትውላለች። ለልጇ የምታወራላት በፔሎ ነው። የኢብሮ እናት አዴ ሙሚና ገጠር ይኖሩ ነበር፤ ታመው ወደ ከተማ ሲመጡና ልጃቸው ቤት ሲያርፉ የልጅ ልጃቸው የምትናገረው ኦሮምኛም አማርኛም ያልሆነ ነገር ሆነባቸው። እናትየዋም ስታወራ ሲሰሙ ጥርጣሬያቸው ሁሉ ተረጋገጠላቸው። ልጅቷን ይዤ ወደ ገጠር እሄዳለሁ፣ ከዚህች ሴት ርቃ ትዳን፣ አሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ሳይስማሙ አልቀሩም። ሰዓዳ ቋንቋዋን ብቻ ሳይሆን ልጇን ልትነጠቅ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ደንግጣ፣ ጓዳ ገብታ አንድ ጠርሙስ ጠበል አመጣችና «የኛም የነሱም ፈጣሪ አንድ ነው፣ ያዥ» ብላ ከቦርሳዬ ከተተችው።

አሁን ሚኒባሱ ቁርስ በልታችሁ ብትሳፈሩ ለምሳ ገለምሶ ያደርሳችኋል። ያኔ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ በአቧራ ነጥተን፣ በደሳ ከተማ ላይ ጎማ ቀይረን፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው የደረስነው። በማግሥቱ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሰው በኢብሮ ቤት ተሰበሰበ። ሼህ ዩያ የሚባሉ፣ ነሕው የሚያስቀሩ፣ ጢማቸው በሒና የቀላ ትልቅ ሰው ተጠርተዋል፤ ነሕው ማለት የዐረብኛ ሰዋስው ነው። አዴ ሙሚና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሙና ወለሉ ላይ በባዶ ጣሳ ትጫወታለች። ሰዓዳ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ዓይኗ ነው። ንግግሩ በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ እንደለመደብኝ ባማርኛ እጽፈዋለሁ።

ሼህ ዩያ አልተቆጡም፤ ቁርኣን ሊቀሩባት ከመጀመራቸውም በፊት ሰዓዳን ጠየቋት። «በዚህ ነገርሽ ‹በላሁ› እንዴት ነው የሚባለው?»

«ኔሞ።»

«‹በላን› ሲሆንስ?»

«ኔሞታ።»

«‹ጠጣሁ›?»

«ቲማ።»

ሼሁ ጢማቸውን እየዳሰሱ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያስ ‹ጠጣን› ቲማታ ነው» አሉ። የሰዓዳን ፊት ባያችሁት። ያ የከሳ ፊት እንደ ፋኖስ በራ። «ወላሂ ነው፣ ያ ሼህ» አለች። ከዚያማ ሁለቱ እኛን ረሱን። ስለ ትናንት፣ ስለ ነገ፣ ስለ አንድና ስለ ብዙ፣ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች፤ አንዳንዴ እሳቸው ቀድመው ገምተው ሲያገኙት እንደ ቁርኣን ቤት ደረሳ ደስ ይላቸዋል። እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰዓዳ ሕይወቷን ሙሉ የጠበቀችውን አስተማሪ አሁን አገኘችው ብዬ አሰብኩ። ግን አዴ ሙሚና አልረኩም። «ያ ሼህ፣ ጂኒም እኮ ይማራል፣ ይቀራል። ከኛ በፊት የቀራ ነው» አሉ። ሼሁም ፈገግ ብለው እውነትዎን ነው አሉ። «ጂኒ ግን የሚያወራው ከያዘው ሰው ጋር ብቻ ነው። ቋንቋ ከሆነ ሌላም ሰው ይሰማዋል። ለዚህ ነው ይህችን ልጅ ከአሰበ ተፈሪ ያስጠራናት።»

እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ወደፊት ቀረብኩ። ሼሁ ሰዓዳን ወደ ራሳቸው ጠሩና በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት። እሷ በፔሎ ለኔ ትናገራለች፤ እኔ የሰማሁትን ለሁሉም እናገራለሁ። ሰዓዳ ፊቷን ወደኔ አዙራ፣ በዝግታ፣ አጥርታ ተናገረችው። እኔ ከዚያ ሁሉ «ሽማግሌ» ከምትለው ቃል በቀር ምንም አልሰማሁም። በኛ ጊዜ ፔሎ የሁለት ልጃገረዶች ቋንቋ ነበረ። ለሐሜት ቃል ነበረን፣ ለጎረምሳ ቃል ነበረን፣ ለመምህርት አረማመድ እንኳ ቃል ነበረን፤ ለጥማት፣ ለውኃ፣ ለባልዲ፣ ለጣሳ ግን አልነበረንም፤ ማን በባልዲ ምሥጢር አለው? እሷ ብቻዋን እዚህ ቤት ውስጥ ስትኖር፣ ልጅ ስታጠባ፣ ስታጥብ፣ ቤት የሚያስፈልገውን ቃል ሁሉ ሠርታለታለች። ቋንቋው ትዳር ይዞ ወልዷል፤ እኔ ግን ቁልቋሉ ሥር ቀርቻለሁ። ሰዉ ሁሉ ያየኛል። አዴ ሙሚና «አያችሁ» የሚል ነገር ሲያጉተመትሙ ሰማሁ። ሰዓዳ አልደገመችልኝም፤ ዓይኗ ብቻ እኔ ላይ እንደተተከለ ቀረ።

ያን ጊዜ ሙና ከወለሉ ተነሣች። ማንም አላዘዛትም፤ እኔን ከመጤፍም አልቆጠረችኝ። ጥግ ወዳለው ባልዲ ሄዳ ጣሳዋን ነከረችና፣ ግማሹን ቀሚሷ ላይ እያፈሰሰች፣ በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ለሼህ ዩያ ዘረጋችላቸው። ሼሁ በሰዓዳ ጆሮ የነገሯት «ሽማግሌው ጠምቷቸዋል፣ በጣሳ ውኃ ስጧቸው» የሚል ነበር። ቢስሚላህ ብለው ጠጡት፤ ጣሳውን መልሰው ሲሰጧት ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቁ ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ምስክሬ መጣች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠማውን ሰው የሚያጠጣ ጂኒ አላየሁም። ይህ ቋንቋ ነው። ሠሪዋም ይህች ናት። ልጅቷም ከእናቷ የትም አትሄድም።» ቤቱ በሳቅና በምስጋና ሞላ። ኢብሮ በር ላይ ቆሞ እንባውን በሽርጡ ጫፍ ይጠርጋል። እኔም ጠበሉን እንደታሸገ እናቴ ጋ እንደምመልሰው አወቅሁ።

አዴ ሙሚና ብቻ አልሳቁም። ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው አለቀሱ። «ለእርስዎ ውኃ አመጣችልዎ፣ ያ ሼህ። እኔ አንድ ልጅ ነው የወለድኩት። ከሱም አላህ የሰጠኝ ይህችን አንዲት ናት። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ‹ኮቱ፣ ኮቱ› እያልኩ እጣራለሁ። እንደ እንግዳ አይታኝ ፊቷን ታዞራለች። ጂኒ ነው ያልኩት ሌላ የምለው ቢጠፋኝ ነው።» ኮቱ በኦሮምኛ ነይ ማለት ነው። ሳቁ ወዲያው ቆመ። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኚህን ሴትዮ ክፉ አማት አድርጌ ስጠላቸው ነበር፤ የፈለጉት አንዲት ሕፃን እንድትመጣላቸው ብቻ እንደሆነ አሁን ገባኝ። ሼህ ዩያ ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «ሰዓዳ፣ ዕውቀትሽ ሐላል ነው። ግን ቤት ሠርተሽ አማትሽን ደጅ አስቀምጠሻል። በሩ ያንቺ ነው፤ እኔ አልከፍተውም» አሉ።

ሰዓዳ አቀረቀረች። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን አውቃታለሁ። የክፍላችን ልጆች አንዲት ቃል ብቻ ንገሪን ብለው በከረሜላ ለምነዋታል፤ እህቷ አኩርፋታለች፤ ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው፣ ሌላ ማንም ያልሰጣትና ማንም ሊወስድባት የማይችል ሀብቷ ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ተነሥታ አዴ ሙሚና ፊት ተንበረከከች፤ እጃቸውን ይዛ ሳመችና በልጇ ቦታ ሆና በኦሮምኛ ጠራቻቸው፤ አኮ ማለት አያት ማለት ነው። «አኮ፣ ‹ፔሎ› ይበሏት።»

አሮጊቷ ተጠራጥረው አዩዋት። ከንፈራቸውን አዘጋጁ። የኛ አገር አሮጊቶች ፖሊሱን ፎሊስ የሚሉ ናቸው፤ ያ ድምፅ ከአፋቸው አይወጣም። «ፌሎ» አሉ።

ሙና ጣሳዋን ይዛ ቀና አለች። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ከእናቷ በቀር ማንም ጠርቷት በማያውቀው ቃል የጠራት ማን እንደሆነ ፈለገች። አዴ ሙሚና «ፌሎ» ብለው ደገሙ። ልጅቷ ጣሳውን ጥላ፣ በእርጥብ ቀሚሷ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ጭናቸው ላይ ወጣች። ሴትዮዋ ጥብቅ አድርገው ካቀፏት በኋላም፣ ልጅቷ አንገታቸው ሥር ተሸጉጣ ሳለ፣ «ፌሎ፣ ፌሎ» ማለታቸውን አላቆሙም።

እኔ፣ ለአንዲት ድምፅ ከሰዓቱን ሙሉ ስታሠቃየኝ የኖረችውን ሰዓዳን ጠጋ ብዬ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ ሴትዮዋ እኮ ተሳሳቱ አልኳት። ሰዓዳ ዓይኗን ከሁለቱ ላይ አላነሣችም።

«ተዪ አስካለ» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚባለው።»